በአባቷ ቁመት ልክ

ሠርክአዲስ የመኝታ ክፍሏን መጋረጃ ገለጥ ስታደርግ አባቷን ሳሎኑ መሐል፣ ባዶው ሲሚንቶ ላይ በጀርባቸው ተጋድመው አየቻቸው። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ እጆቻቸውን ሆዳቸው ላይ አነባብረዋል፤ ዓይናቸው ኮርኒሱ ላይ ፈጥጧል። እናቷ ወይዘሮ እልፍነሽ እግራቸው ዘንድ ተንበርክከው፣ ልጡ የተላጠ የባሕር ዛፍ ዘንግ ከባላቸው ጎን አጋድመው፣ ተረከዛቸው የደረሰበት ላይ በወጥ ቤት ቢላዋ ምልክት ያወጣሉ።

«ትንሽ ጨምሪበት እንጂ» አሉ አባቷ፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ። «እግር ሲፍታታ ይረዝማል።»

«ጨመርኩ እኮ። እርስዎ ዝም ብለው ይተኙ።»

ሠርክአዲስ መጋረጃውን ድምፅ ሳታሰማ መለሰችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የተኛ ሰው በቁመቱ ልክ ሲለካ ያየችው አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔ የለካው ሳጥን ሠሪው ነበር፤ የተለኩትም አያቷ ነበሩ። ይህን ሐሳብ ቶሎ ብላ ከራሷ አራቀችው። አባቷ ትናንት ማታ ሁለት እንጀራ በልተዋል። ትናንት ማታ ጎረቤት ድረስ ሄደው ስለ በርበሬ ዋጋ ተከራክረው መጥተዋል። ሁለት እንጀራ የበላ፣ ስለ በርበሬ የተከራከረ ሰው በማግሥቱ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሞ ይለካል? የእግር ኮቴና የሻይ ብርጭቆ ድምፅ እስክትሰማ ጠበቀች፤ ከዚያ ሳል ሳል ብላ ወጣች። አባቷ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ዘንጉ በሩ ጥግ ተደግፏል። እናቷ ሻይ እየቀዱ ነው።

«እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንችስ እንዴት አደርሽ?»

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ሦስቱም ሻያቸውን ጠጡ። ዳቦው ተቆረሰ። ከሦስቱ አንዳቸውም ወደ በሩ ጥግ አልተመለከቱም።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ቡሬ ሄደው መኪና ሊያዩ ከደላላው ጋር የተቀጣጠሩበት ቀን። ሠርክአዲስ የምትሠራው ቡሬ፣ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ የምትኖረው ግን እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ከወላጆቿ ጋር። ከመስከረም ወዲህ የሥራ መግቢያው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሚኒባሱ የሚነሣው ሲሞላ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ ሲሻው። አንዳንድ ቀን መናኸሪያው ውስጥ ቁጭ ብላ ሰው እስኪመጣ የምትጠብቀው ደንበኛ የጠፋበት ባለ ሱቅ መስላ ነው። በማርፈዷ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ከተሰጣት ወር ሊሞላው ነው። ቡሬ ቤት ተከራይታ ልትኖር አስባ ነበር፤ እናቷ «አዎ፣ ሂጂ፤ እኔም ማታ ማታ ከግድግዳው ጋር አወራለሁ» አሉና ነገሩ ቀረ። ስለዚህ መኪና። የእሷ የአራት ዓመት ዕቁብና የአባቷ የበርበሬና የባሕር ዛፍ ገንዘብ ተደምሮ ለአንዲት ያገለገለች ትንሽ መኪና ይበቃል ተባለ። ያለ አባቷ ግማሽ አይሆንም፤ ያለ አባቷ ፈቃድም አይሆንም። አቶ ባንተአምላክ ደግሞ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አብረን እናያለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ሁሉ አፍ መኪና ሆነ። ወንድሟ ስሜነህ ከባሕር ዳር በየማታው እየደወለ «ቶዮታ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ስትገዢውም ቶዮታ ነው፣ ስትሸጭውም ቶዮታ ነው። መለዋወጫው ደምበጫ ሱቅ ውስጥ ከሳሙና ጋር ተደርድሮ ታገኝዋለሽ» ይላታል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሱዙኪ ይወዳል፤ «ነዳጅ አሽትታ ነው የምትሄድ» ይላል፣ የራሱ መኪና ሳይኖረው። የሥራ ባልደረባዋ ሄቨን ኤሌክትሪክ ነው የምትለው፤ «አንቺ፣ በነዳጅ ሰልፍ ላይ ወጣትነትሽን ልትጨርሽ ነው እንዴ?» ስትላት ሠርክአዲስ ትስማማለች፤ ማታ ቤቷ ገብታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሐሳቧን ትቀይራለች። ጎረቤታቸው መኪና ማለት ሒልክስ ብቻ ነው ባይ ናቸው፤ የተቀረው መጫወቻ ነው። ቴሌግራም ላይ የማታውቃቸው ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲሰዳደቡ ያድራሉ፣ አንዱ ለኮሮላ፣ አንዱ ለቪትዝ፤ እሷም ስድቡን ሁሉ ታነበዋለች። ክፋቱ የተናገረው ሁሉ ትክክል ይመስላታል። የስሜነህን ሰምታ ስልኩን ስትዘጋ ቶዮታ ነች፤ ጠዋት ኃላፊውን ሰላም ስትል ሱዙኪ ነች። ባነበበች ቁጥር የምታውቀው እየጨመረ፣ የምትፈልገው እየጠፋባት ሄደ።

አባቷ በበኩላቸው ስለ የትኛዋም መኪና የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ውስጧ ርዝመቷ ምን ያህል ነው?» ሠርክአዲስ ከስልኳ ላይ ፈልጋ ሦስት ሜትር ከምናምን ስትላቸው «የውጩን አይደለም ያልሁሽ» ይላሉ። የበርበሬ ጆንያ አስበው ይሆናል ብላ ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት።

ወደ መናኸሪያ ሲወጡ እናቷ በሩ ድረስ ሸኟቸው። ዘንጉን ለባላቸው ያቀበሉት በሁለት እጃቸው ነው። ከዚያ የልጃቸውን ነጠላ አስተካከሉና «አትቸኩይ» አሏት፤ ምኑን እንደ ሆነ አልነገሯትም።

ዘንጉ ሚኒባሱ ውስጥ ችግር ሆነ። ቢያቆሙት ጣሪያው ይገታዋል፤ ቢያጋድሙት የሰው እግር ይመታል። ረዳቱ «አባባ፣ ለዱላዎም ሒሳብ ይከፍላሉ እንግዲህ» ሲል ተሳፋሪው ሣቀ። በመጨረሻ ከወንበሮቹ ሥር እንደምንም ገባ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ የሠርክአዲስን መልስ ሳይሰጣት አለፈ። ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ ሁለት ጊዜ ከፈተች፤ ከዚያ በመስኮት ማየት ጀመረች። በዩኒቨርሲቲ የተማረችው አራት ዓመት መልስ ለመጠየቅ አልጠቀማትም።

አባቷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ቀኝ ትከሻቸውን ያሻሉ። ይህ አዲስ አመል ነው። ታናሽ ወንድማቸው ክንዱ ባሕር ዳር ሆስፒታል አርፈው፣ ማንኩሳ ተቀብረው፣ ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ የመጣ። ሠርክአዲስ ብርድ ነው ብላ ከመድኃኒት ቤት ቅባት ገዝታላቸዋለች። እናቷ ማታ ማታ ይቀቧቸዋል። አልተሻላቸውም።

ከኋላቸው ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ የምትመስል ሴት ከጎኗ ላለው ሰውዬ ወሬ ይዛለች። መጀመሪያ ስለ መንገድ መዘጋትና መከፈት ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ ሣቅ ገባበት።

«የሞተውን ሰውዬ አልሰማህም? ሙሉ ሒሳብ ከፍሎ የተሳፈረውን?»

«ኧረ ምን?»

«ከባሕር ዳር ነው አሉ። አስከሬን የሚጭን መኪና ቢፈልጉ ባለ መኪናው ሁሉ መንገዱን ፈራ፣ የተገኘው ደግሞ የጠራው ዋጋ ሰማይ ሆነ። ምን ያድርጉ? ጋቢ አልብሰው፣ ኮፍያ አድርገውለት፣ እንደ ሰው ቁጭ አድርገው፣ ወንድሙ "ተኝቷል" እያለ አቅፎት በሚኒባስ አመጡት እልሃለሁ! አጠገቡ ያለችው ሴትዮ እንጅባራ ላይ ቆሎ ዘረጋችለት አሉ። ዝም ሲላት "ምን ያለ ኩሩ ነው!" ብላ ተቀየመች።»

ሚኒባሱ በሣቅ ተሞላ። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ ሣቀ። ሰውዬው ግን «አይ፣ አብሮት የመጣውስ?» አለ። «የሞተ ወንድም አቅፎ "ተኝቷል" እያሉ መምጣት! የሱ ልብ ድንጋይ ነው።»

ሠርክአዲስ አልሣቀችም፤ ግን ነገሩ ወዲያው አልገባትም። ለጥቂት ጊዜ እንደ ሌላው ተሳፋሪ የማያውቁት ሰው ወሬ ነበር። ከዚያ ማንኩሳ ደረሱ። አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዞረው፣ ሚኒባሱ ከተማዋን ጨርሶ እስኪወጣ ባርኔጣውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ቆዩ። ሲመልሱት እጃቸው ዳግመኛ ወደ ቀኝ ትከሻቸው ሄደ፤ የሰው ጭንቅላት ወደሚያርፍበት ቦታ። ሠርክአዲስ ወደ ሴትዮዋ ዞር አለች፤ መልሳ አባቷን አየች። ያኔ ቀብር የደረሰችው ከፍኖተ ሰላም ነበር፤ አስከሬኑ በምን እንደ መጣ አልጠየቀችም። አልቅሳለች፣ ሬሳውን የታጠበውንና የተገነዘውን አይታለች፣ ንፍሮ በልታለች። በምን መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ደላላው ናሁሰናይ ቡሬ መናኸሪያ በር ላይ ጠበቃቸው። በአፉ መፋቂያ፣ በእጁ ሁለት ስልክ የያዘ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው። ዘንጉን አይቶ «አባባ፣ በሬ ነው እንዴ ልንገዛ የመጣነው?» አለ። አቶ ባንተአምላክ «በሬ ቢሆን ጥርሱን አይቼ ጨርሼ ነበር» አሉትና ተራመዱ።

የመጀመሪያዋ ኮሮላ ነበረች፤ የአንድ እህል ነጋዴ። ግቢው ሙሉ በርበሬ ተሰጥቶበታል፤ ገና በሩን ሲያልፉ ሁሉም ማስነጠስ ጀመሩ፤ የሻጩ ሰላምታና የእነሱ ምላሽ በማስነጠስ መሐል ተቆራረጠ። ናሁሰናይ ኮፈኑን ከፍቶ «ሞተሯን የአምራቹ እጅ ብቻ ነው የነካው» ይላል። ሻጩ ሁለት ሚሊዮን ከመቶ ሺህ ብር ጠርቶ «ለእናንተ ግን እንነጋገራለን» ይላል። ሠርክአዲስ የተዘጋጀችባቸውን ጥያቄዎች፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ማርሽ፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታ፣ በልቧ ትደረድራለች፤ ከአፏ የወጣው ግን «ቆንጆ ናት» ብቻ ሆነ። አባቷ የኋላውን በር ከፍተው ዘንጉን ወንበሩ ላይ በቁመት አስገቡ። በሩ አልዘጋ አለ። በሰያፍ ሞከሩት። አልዘጋም። የዕቃ መጫኛውንም አስከፍተው ሞከሩ። ከዚያ ዘንጉን ይዘው ወደ ኋላ አሉ።

«በቆሎ ከሆነ አያስቡ፣ አባባ» አለ ናሁሰናይ። «ሁለት ኩንታል ትውጣለች።»

«በቆሎ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አጭር ናት» አሉ አባቷ።

«ኮሮላ አጭር!» ናሁሰናይ ምስክር የሚፈልግ ይመስል ወደ ሠርክአዲስ ዞረ። እሷ ጫማዋን አየች።

ሁለተኛዋ የባንክ ሠራተኛ ሱዙኪ ናት፤ ነጭ፣ ወንበሮቿ ላይ ላስቲኩ ገና ያልተነሣ። ሠርክአዲስ ስታያት ልቧ ፈቀዳት፤ ዋጋዋን ስትሰማ ልቧ ተመለሰ። አባቷ ዋጋ አልጠየቁም። ዘንጉን አስገቡ፤ በሩ አልዘጋ አለ። ናሁሰናይ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አልቋል፤ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ጣሪያዋን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«አባባ፣ ለረጅም ዕቃ መላ አለው። ብረት እናስበይዳለን፤ ላይ ይጫናል፤ በገመድ ጥፍር ነው!»

አባቷ ደላላውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ዘንጉን ከወንበሩ ላይ አወጡት።

«ላይ አይጫንም» አሉ።

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን የባንክ ሠራተኛው ስልኩን ከጆሮው አነሣ። ሠርክአዲስ «ሻይ እንጠጣ» አለች። ከጠዋት ጀምሮ በሰው ፊት ከ«ቆንጆ ናት» ሌላ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ናሁሰናይ «እኔ ሦስተኛዋን ልጥራት፤ የነርሷን ቪትዝ» ብሎ ስልኩን እየነካካ ቀረ።

ሻይ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሰማያዊ፣ ጠረጴዛዎቹ የተጣበቀ ስኳር ያለባቸው። ጥግ ላይ ተቀመጡ። አባቷ ዘንጉን በጉልበታቸው መሐል አቁመው በሁለት እጃቸው ያዙት። ሻዩ መጣ። ሠርክአዲስ ስኳሩን ካማሰለች በኋላ ማንኪያውን ማቆም አቃታት።

«አባዬ፣ አያ ክንዱ ከባሕር ዳር በምን መጡ?»

ከውጭ የባጃጅ ክላክስ ይሰማል። አባቷ ሻያቸውን አነሡ፤ ሳይጠጡ መለሱት።

«ሰምተሽ የለ» አሉ በመጨረሻ። «ሴትዮዋ ተናገረች። ቆሎውን አሳምራ ተናገረች። ቆሎ አልነበረም፤ ድንች ነው አጠገቡ ያለችው የሰጠችው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እኔ ነኝ ኮፍያውን ያደረግሁለት። "ተኝቷል" አልሁ። ተኝቷል ስል፣ ተኝቷል ስል፣ እኔም ማመን ጀመርሁ፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ "ቀስ በል፣ ይነቃል" አልሁት ሾፌሩን። እዚህ ቡሬ መናኸሪያ ስንደርስ አንድ የማንኩሳ ሰው በመስኮት አየው። "ክንዱ፣ እንዴት ዋልህ!" አለው። ዝም። ደግሞ ጠራው። ዝም። "ባሕር ዳር ሄዶ ኮራ" አለና ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ።» ዘንጉን ጠበቅ አደረጉት። «ክንዱ የሰው ሰላምታ መሬት ጥሎ አያውቅም።»

ሠርክአዲስ እጃቸውን ልትይዝ አሰበች፤ በቤታቸው እጅ የመያዝ ልማድ የለም።

«ድሮ ወሳንሳ ነበር» አሉ አባቷ። «አራት ሰው ይሸከምሃል፤ ደከመኝ ሲሉ ሌሎች አራት ይተካሉ። በሽተኛም ብትሆን፣ ሬሳም ብትሆን፣ ተጋድመህ ነው የምትሄድ። ሰው ሲሞት እንኳ ወገቡ ይረፍ እንጂ።»

«አባዬ፣ አሞዎታል?»

«አላመመኝም።»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

«አላመመኝም አልሁሽ። ክንዱንስ ምን አመመው? ሊመረመር በእግሩ ሄዶ ነው፤ ሲመለስ ጫማ ልገዛ ብሎኝ ነበር።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «እኔ የምሞትበትን ማን ያውቃል? ባሕር ዳር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አጠገቤ የምትቀመጪ አንች ነሽ። ትከሻሽ ቀጭን ነው» አሉ።

ሠርክአዲስ ሻዩን ጠጣችው፤ ቀዝቅዟል። ለወራት ስታወዳድር የከረመችው ሁሉ፣ ነዳጁ፣ መለዋወጫው፣ የሽያጭ ዋጋው፣ ባንድ ጊዜ ከራሷ ወጥቶ የሚሄድበት አጥቶ በሻይ ቤቱ ውስጥ የቆመ መሰላት። ለሥራ ነው መኪና የምትፈልገው። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት መድረስ አለባት። ይህ እውነት ነው። በተቀመጡበት የተመለሱት አያ ክንዱም እውነት ናቸው። ሁለቱ እውነት በአንድ መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ አልታያትም። አባቷ ደግሞ ሁለቱን የሚያስገባ መኪና ካላገኙ ግማሹን ገንዘብ አይሰጡም፤ ይህንንም አሁን አወቀች።

የሦስተኛዋ መኪና ባለቤት ሰብለ ትባላለች፤ ነርስ ነች፤ ደምበጫ ተዛውራ ባሏ ደግሞ ሌላ መኪና ስላለው ልትሸጣት ነው። ቪትዟን ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ጋራዥ ፊት አቁማታለች። ብርማ ቀለም፣ ትንሽ፣ በስተግራ ስፖኪዮዋ የተጠገነ። ጋራዡ በር ላይ አራት አምስት ወንዶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫት የሚቅም ፊት ሳይሆን የቅዳሜ ፊት ይዘዋል፤ ማንም ቢመጣ የሚያዩት፣ ማንም ቢሄድ የሚያሙት ዓይነት። ናሁሰናይ ገና ሳይደርሱ «ይቺ እንኳ ለዱላው አትሆንም፣ አባባ፣ አስቀድሜ ልንገርዎ» አለና ወንዶቹ ሣቁ። አንዱ «ዱላውን ይሽጡና ብስክሌት ይግዙ» አለ።

አባቷ እንደ ልማዳቸው የኋላውን በር ከፈቱ። ዘንጉ ግማሹ እንኳ ሳይገባ ቀረ። ዝም ብለው አወጡት፤ ክንዳቸው ዛለ መሰል፣ የዘንጉን ጫፍ መሬት ላይ ጣሉት። «እንግዲህ ይቅር» አሉ። «ሌላ ቀን እናያለን።»

ሌላ ቀን የሚባል ነገር ለሠርክአዲስ የለም። ያኔ ነው አንድ ሌሊት ቴሌግራም ላይ ያየችው ነገር ትዝ ያላት፤ አንድ ሰው ቪትዝ ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ የሚያሳይ። ያኔ «መኪና ውስጥ የሚተኛ ማነው?» ብላ አልፋው ነበር። የፊተኛውን የቀኙን በር ከፈተች። የወንበሩን የራስ መደገፊያ ትራስ ነቅላ አወጣች፤ ወንበሩን ወደ ፊት ገፋች፤ ከጎኑ ያለውን መያዣ ስባ ጀርባውን ለቀቀችው። ጀርባው ወደ ኋላ ወደቀና ከኋላኛው መቀመጫ ጋር ገጠመ። ከፊት እስከ ኋላ አንድ ረጅም መኝታ ሆነ።

«እኔ አሥር ዓመት ስነዳት ይህን አላወቅሁም!» አለች ሰብለ።

አባቷ ዘንጉን አላነሱም። ወንበሩን አዩ፣ እሷን አዩ። ማስገባቱን እንደ ፈሩ ገባት፤ ይህኛውም ባይበቃስ? ወንዶቹ ድንጋዩ ላይ ሆነው ያያሉ። ናሁሰናይ ያያል። ሠርክአዲስ ሰው እያያት ዳቦ እንኳ መቁረስ የምትፈራ ልጅ ነች። ጫማዋን አወለቀች፤ አንዱን ካንዱ አጠጋግታ መንገዱ ዳር አስቀመጠችው። ቀሚሷን በእግሮቿ መሐል ሰብስባ ገባችና በጀርባዋ ተጋደመች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች። እጆቿን የት እንደምታደርግ ግራ ገባት፤ ሆዷ ላይ አነባበረቻቸው። ዓይኗን ጨፈነች፤ ያለዚያ ማፈሯ አያስተኛትም ነበር።

ከውጭ ሣቅ ጀምሮ ተቋረጠ። የመኪናው ጣሪያ ሙቀት ግንባሯ ላይ ይሰማታል። ወገቧ ተዘረጋ፤ እግሯ ተዘረጋ። ይበቃል፣ አለች በልቧ፤ ምቹ ነው። ከዚያ ዘንጉ ከጎኗ ሲንሸራተት ሰማችው፤ ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን አጠገብ እንደሚያስቀምጡት ነገር። ከእግሯ ጫፍ አልፎ፣ ከራሷ በላይ አልፎ፣ የኋላውን መደገፊያ በስሱ ነክቶ ቆመ። በሩ ተዘጋ። ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፤ ድርግም ሲል ሰማችው።

ወዲያው ደግሞ ተከፈተ።

«ተነሽ» አሉ አባቷ።

ዓይኗን ገለጠች። አባቷ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው ጠዋት ሲሚንቶው ላይ እንኳ ያላየችው ፊት ነው።

«ደረሰ እኮ፣ አባዬ። ይበቃል።»

«ተነሽ ብዬሻለሁ! ለእኔ ነው እንጂ ላንች ነው እንዴ ያልሁ? ተነሽ፣ ልጄ፣ ተነሽ።» ክንዷን ይዘው አወጧት። ጎንበስ ብለው ጫማዋን አቀረቡላት፤ «አባዬ፣ ይተዉ» ብትል አልሰሟትም። ከጋራዡ በር አንዱ ሽማግሌ ቆብ አውልቆ ነበር፤ መልሶ ሊያደርገው ያፈረ ይመስላል።

ዋጋው ብዙ አላከራከረም። ሰብለ ከጠራችው ላይ ራሷ ቀነሰች፤ ናሁሰናይ የራሱን ድርሻ ሲያነሣ ድምፁ እንደ ጠዋቱ አልነበረም። እጅ ለእጅ ተመታ፤ ቀብድ ተሰጠ። አባቷ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ስፖኪዮዋ አንድም አልጠየቁም። ሠርክአዲስ ግን በመጨረሻ ጠየቀች፤ ስለ ፍሬኑም፣ ስለ ማርሹም፣ ስለ ነዳጁም፣ አንድ ባንድ፣ ሰብለም መለሰችላት። የምትሰማውን መልስ ትረሳው ነበር። ሰኞ ጠዋት በዚች መኪና ሥራ ትገባለች፤ ሥራ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ነዳጅ ትሰለፋለች፣ በየቀኑም በቀኟ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ባየችው ቁጥር ምን እንደምታስብ አታውቅም። የገዛችው የትኛውን መኪና እንደ ሆነ አልገባትም። ስሜነህ ሲደውልላት «ቶዮታ ነው» አለችው፤ ደስ አለው።

ሰብለ «ነድተሽ እያት እንጂ፤ እስከ ከተማው መውጫ» አለቻት። ሠርክአዲስ ወንበሩን መልሳ አቆመችው፤ ትራሱን ተከለችው። አባቷ ከፊት ተቀመጡ፤ ሰብለ ከኋላ ገባች። ወንበሩ ከቆመ ግን ዘንጉ መግቢያ አጣ። ናሁሰናይ «እዚሁ ይተዉት፣ አባባ፤ ሥራው አልቋል» አላቸው።

«አላለቀም» አሉና መስኮቱን አስወርደው በእሱ በኩል አሾለኩት። ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ፣ የቢላዋው ምልክት ያለበት ጫፍ መንገዱ ላይ ተንጠለጠለ።

ሠርክአዲስ ሞተሩን አስነሣች። ቀስ ብላ ወደ አስፋልቱ ወጣች፤ ባጃጆቹ ዘንጉን ሲያዩ ራቅ ራቅ እያሉ አሳለፏት። መናኸሪያው አጠገብ ሲደርሱ ከመንገዱ ማዶ በቅሎ የሚስብ ሰው አባቷን አይቶ እጁን አነሣ።

«አያ ባንተአምላክ! እንዴት ዋሉ!»

አባቷ በመስኮቱ ከዘንጉ ጋር እስከ ደረታቸው ወጡ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ደኅና ነኝ! አንተስ ደኅና ነህ? ልጆችህስ? ከብቱስ? ዘንድሮ ዝናቡስ እንዴት ሆነላችሁ?»

ሰውዬው ደኅና ነን ይላል፤ አባቷ ሌላ ይጠይቃሉ። እህቱን ጠየቁ፣ አማቱን ጠየቁ፣ በቅሎዋን ሳይቀር ጠየቁ። ከኋላ አንድ አይሱዙ ክላክስ አደረገ፤ ደግሞም አደረገ። ሠርክአዲስ በመስታወቱ አየችው። እግሯን ከፍሬኑ ላይ አላነሣችም።

«ይጠብቅ» አለች ለሰብለ፤ ሰላምታው እስኪያልቅ መንገዱ መሐል ቆመች።